ስንት መረብ

በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በዓሣ ቅርጽ ማግኔት፣
ልጄ አይሊ ለጠፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት፤
አሥራ አራት ኮሌጅ፣ አሥራ አራት ስም፣
ግማሹን እንኳ እኔ አስተካክዬ አልጠራም።
ከጎኑ ዋጋው አለ በቀይ እስክሪብቶ፤
ሰባ አምስት ዶላር፣ ስልሳ፣ ዘጠና፣
አንዱ ደግሞ በነጻ፤
ደግ ሆኖ ይሆን ወይስ የሚመጣ አጥቶ?

ሰው ሁሉ ሲተኛ ቁጭ ብዬ ደመርኩት፤
የጥቅምት ናፍጣዬን አክሎ አገኘሁት።
ለእሷ ግን አልነገርኩም፤
የጀልባ ሒሳብ ለልጅ አይነገርም።

አማካሪዋ፣ ወይዘሮ ቦሊዩ፣ ጠርታን ነበር፤
"ሦስት ለሕልሟ፣ አምስት ለልኳ፣ ሁለት ለማይቀር"
አለች በጣቷ፣ እንክብል እንደሚያዝ ሐኪም፤
"ከምግብ በኋላ" ነው የቀራት፣ ሌላ የጎደለ የለም።
አይሊ እሺ አለች፣ አንገቷን ነቀነቀች፤
ቤት እንደገባን አራት ጨመረች።
"ማርጊት ሃያ ሁለት ልካለች" አለችኝ።
የማርጊት አባት የሚነቅለው ጥርስ
ነፋስ ዞረ ተብሎ ባዶ እጅ አያስመልስ።

ሁለት ዛፍ የወጣ ይወድቃል ይባላል፤
አሥራ አራት የወጣስ? እንጃ፣ ምን ይሆናል።

ማመልከት ነው ቃሉ።
ከማምለክ የሚለየው ጭራው ላይ ባለች "ት" ነው።
ሌሊት ስነሣ አየኋት፣
ወንበሩ ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷ የስክሪን ብርሃን ለብሶ፣
"ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሕልሜ እናንተ ነበራችሁ" ትላለች፣
ለአሥራ አራቱም፣ ስሙን ብቻ እየለወጠች።
በሕፃንነቷ ሕልሟ፣ እኔ እንደማስታውሰው፣
የበረዶ መጥረጊያ መኪና መንዳት ነው።

"እንዴት ነው የሚላከው?" አልኳት።
"በመረብ" አለች፣ ሳትዞር።
መረብ ከተባለማ እኔም አለኝ ነገር።

ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ።
አባቴ ስድስት ይጥል ነበር፣ ከስድስት አያልፍም፤
እሱ በሞተ በዓመቱ እኔ አሥራ ሁለት ጣልኩ፣
ሙት ልበልጥ ብዬ።
ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ዞረ።
ሦስት ቀን ከደጅ አልወጣሁም።
በአራተኛው ሰባቱን አነሣሁ፤
በቀሩት አምስቱ ዓሣው ነጥቶ፣ ላልቶ፣
የሐይቁ ወፍ እንኳ ዞር አለ ተጸይፎ።
"መረብ" አልኳት "በጣልሽው ልክ አይቆጠርም፤
ማንሣት ካልቻልሽ..."
አላስጨረሰችኝም።
"አባባ፣ እኔ መረብ ጣይ መሰልኩህ?
ዓሣው ነኝ እኮ።
የሚጥሉት እነሱ ናቸው።"

ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣሁት።

ንጋት ላይ ጓንቴን ስፈልግ ወረቀቱን አየሁት፤
አራቱ ተሰርዘዋል።
የራቁት መስለውኝ ነበር።
የተወደዱት ናቸው።
ለካ እሷም ማታ ማታ ስትደምር ነበረች፤
ለካ እሷም ለአባት አይነገርም ብላለች።

ዘጠና ከሚለው ጎን፣ በእርሳስ፣ "ይህን ጣዪው" ብዬ ጻፍኩ፤
ጓንቴን አጥልቄ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።
መጣል ለካ ሁለት ነው፤
እኔ ዕድሜዬን የጣልኩት መረብ ነው፣
እሷ ደግሞ ቁርጥራጭ ወረቀት ስትጥል ነው ያደገችው።
ተመለስኩ። በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤
ዓሣ ዓሣ የሚል ጥቁር አሻራ ተወሁበት፤
ከአሻራው በላይ፣ በትልቁ፣
"ላኪው" አልኩ።

ከዚያ ወጣሁ። ሞተሩ በሦስተኛው ተነሣ።